ሃያ አንድ ቀን፣ አርባ አራት ወንበር

አስራ ዘጠኝ ዓመት ይህን መሪ ይዤ፣
ከማሪቦር ከተማ ጎብኚ አጓጉዤ፣
ስለ ቪየና ብትጠይቁኝ፣
የማውቀው ማቆሚያውን ነው፤ አትታዘቡኝ።
ፕራግም ለእኔ ከወንዙ ማዶ ናት፣
ጠጠር የፈሰሰባት፣ ጥላ የሌለባት።
ፓሪስ የፖሊስ ፊሽካ ነው፣ የጭስ ሽታ፣
የቅጣት ወረቀት ከዝናብ መጥረጊያው ሥር፣ በማታ።

ሰው አራግፌ፣ በሬን ዘግቼ፣
ሳላሚ በቢላ ከትፌ፣ ራዲዮ ከፍቼ፣
ሦስት ሰዓት እጠብቃለሁ።
ሲመለሱ በመስታወት እቆጥራለሁ፦
አርባ አራት። አንዳንዴ አርባ ሦስት፤
የቀረው ስለ ማግኔት ሲከራከር ነው፣ ከባለሱቅ ፊት።

ባለፈው መስከረም ግን አልቢና ተሳፈረች፣
ከፕቱይ፤ ሰዓት ስትጠግን የኖረች፣
ቀኝ ጉልበቷ እምቢ ያለ፣
አፏ ግን ያልዛለ።

ቪየና ላይ ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ በሩን ቆረቆረች።
"ደረጃው ከእኔ ጋር ተጣላ" ብላ ከኋላዬ ተቀመጠች።
"ምን አየሽ?" አልኳት፣ ለወግ ያህል።
"ሰው ሁሉ አንገቱ እስኪቀጭ ጣሪያ ያያል።
እኔ ወለል አየሁ። አንዲት ሴት ተንበርክካ፣
ጳጳስ ከተቀበረበት ድንጋይ ላይ ትፍቃለች ማስቲካ።
ለጸሎት መስሎኝ ነበር፤
ለካ እየተሳደበች ነው፣ በሹክሹክታ፣ በአክብሮት ጭምር።"

ፕራግ ላይ ስለ ሰዓቱ ጠየቅኳት፤ ሙያዋ ነውና።
"ሰው ስልኩን ወደ ሰማይ ዘርግቶ፣ እንደ ልመና፣
ሐዋርያቱ በመስኮት ሲያልፉ ይቀርጻል።
እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ሰማሁት፤ አንድ ጥርሱ ይንሸራተታል።
ከእጄ ሰዓት ጋር በአርባ ሰከንድ ተለያዩ።
ዝም አልኩ። ሽማግሌ በአደባባይ አይታረምም፣ ሰዎች እያዩ።"

ብሩዥ ዝናብ ነበር። ጀልባው ተሳፋሪ አጣ።
"ዮሪስ የሚሉት ቀዛፊ፣ ባርኔጣው ውሃ እየጠጣ፣
የድልድዮቹን ታሪክ ለዳክዬዎች ይተርካል፣ በአራት ቋንቋ።
ጀርመንኛው ላይ ሲደርስ ጥለውት ሄዱ።"

ቶሌዶ፦
"ቅጥሩ ስንት መንግሥት ሸኝቷል አሉን፤ እኔ ያየሁት ፍሪጅ ነው።
ሁለት ወንድማማቾች በጀርባቸው አዝለው፣
መኪና በማይገባው ጥምዝ መንገድ ሲያወጡ፣
ማዕዘኑ ላይ ተቀረቀሩ፤ ወይ አይወርዱ፣ ወይ አይወጡ።
እናታቸው ከመስኮት፦ 'ወደ ግራ! የእናንተን ግራ አይደለም፣ የእኔን!'"
ያን ሌሊት እየነዳሁ ብቻዬን ሳቅኩ።
አርባ አራቱም ተኝተው ነበር።

ፍሎረንስ፣ በአስራ ዘጠነኛው ቀን፣ አርባ ሦስት ቆጠርኩ።
ደገምኩ። አርባ ሦስት። ከኋላዬ ያለው ወንበር ባዶ።
እሷ ማግኔት አትገዛም።
አውቶቡሱን ከድልድዩ አፍ፣ በማይቆምበት ጥዬ ሮጥኩ፤
ወደ ውስጥ ስገባ የመጀመሪያዬ ነው።
መንገዱ ጠበበ፣ ቆዳ ቆዳ ሸተተ፣
ራቁታቸውን የቆሙ የእብነ በረድ ጎረምሶች በግራ በቀኝ አለፉኝ፤
አላየኋቸውም።
ሽበት ያለበትን ራስ ሁሉ እያዞርኩ ይቅርታ ጠየቅኩ፣
በሦስት ቋንቋ፤ አንዱም ጣሊያንኛ አልነበረም።

ደረጃ ላይ አገኘኋት፣ ሻፊቁል ከሚባል ቀበቶ ሻጭ ጎን፣
የእጅ ሰዓቱን ሆድ በፀጉር መርፌ ከፍታ።
"ሚስቱ ናት የሰጠችው" አለችኝ፣ ቀና ሳትል።
"ከቆመ ወር ሆኖታል። ብርሃን ጋረድክብኝ፤ ተቀመጥ።"
ተቀመጥኩ። ሻፊቁል ግማሽ ብርቱካን ሰጠኝ።
ከዚያ ነው፣ ከጣሪያዎቹ በላይ፣ ያ ነገር፣
ቀይ፣ ግዙፍ፣ ሰው የሠራው የማይመስል...
ለካ እዚያ ነበር።
"ምን አየህ?" አለች።
መልስ ስፈልግ ሰዓቱ ቀደመኝ፦ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ።
ሻፊቁል ወደ ጆሮው አስጠጋው።
ፊቱን አላየሁትም፤ ወደ ላይ እንዳፈጠጥኩ ነበርኩ።

እናም ስለ ፍሎረንስ ብትጠይቁኝ፣
የማውቀው ማቆሚያውን ነው፤ አትታዘቡኝ፦
ከድልድዩ አፍ፣ በቢጫው መስመር፣
ሰማንያ ሰባት ዩሮ። ያለ ክርክር።